ተ ነው ወይስ ት

ሰኞ

ዛሬም ስለዚያ ነገር ሲያወሩ ዋሉ። የመምህራኑ ስታፍ ውስጥ ገና ሻይ ሳይቀዳ ወሬው ተጀመረ። በገበያው በኩል ስልኩን ከፍቶ ዋይፋይ የሚፈልግ ሰው ሁሉ «ተኩስ» የሚል ስም ይመጣለታል አሉ። ይመጣና ይጠፋል። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ የቢቸና ወጣት ውሎው ዋይፋይ ፍለጋ ስለሆነ ያላየው የለም። ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ የተተኮሰ ዕለትም ጧት ላይ ታይቶ ነበር አሉ። ስለዚህ ምልክት ነው። የማን ምልክት? እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሉም ብርጭቆው ውስጥ ያያል።

እኔም ብርጭቆዬ ውስጥ አየሁ። ስልኬን አጠፋሁ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ይበልጣል ባትሪውን ጭምር አውጥተው በሌላ ኪሳቸው ከተቱት። ባትሪው ምን አጠፋ?

ፈሪ ነኝ። ድሮም ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እናቴ ግን የለችም፣ የምተርፈው ለአባባ ብቻ ነው።

ክፍል ስገባ ግን ይለቀኛል። ሰባተኛ «ሐ»። አምና በዚህ ጊዜ ሳይንስ ሳስተምራቸው ግማሾቹ ይተኙ ነበር። ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጠል ከርሞ እርሳስ አያያዝ የጠፋቸው ሁሉ ነበሩ። መጽሐፍ የለም። ታብሌቶች መጥተው ነበር፤ ግን «ኢንተርኔት ሲመጣ» እየተባለ ከነካርቶናቸው ስቶር ውስጥ ተኝተው ነበር። ለምኜ ወሰድኳቸው። በማዳበሪያ ጠቅልዬ ሞጣ ድረስ፣ ኑረዲን ዘንድ። ኑረዲን አክስቴ ቤት ሆኜ ሞጣ ስማር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ነው፤ አሁን የአባቱ ሱቅ ግማሹ ላይ ስልክ ይጠግናል። ከአሮጌ ራውተርና ከስልክ ባትሪ ሳሙና የምታህል ሳጥን ሠራልኝ። ፊልሙም ጥያቄውም ውስጧ ተጭኗል። ያለ ኢንተርኔት ወደ ታብሌቶቹ ትልከዋለች። ሁሉንም እሱ አገናኝቶ ሰጠኝ፤ የኔ ሥራ ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ዛሬ ልብ ሲሠራ የሚያሳየውን ፊልም አዩ። ደሙ ሲገባ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ሲወጣ። አንድም የተኛ የለም። ሲያልቅ ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በማስተማር ዘመኔ አላየሁም። ፍሬሕይወት፣ ከፊት የምትቀመጠዋ፣ «ቲቸር፣ ተኝተን እንኳ አያርፍም?» አለች። አያርፍም አልኳት።

ማክሰኞ

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ድው አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ልጆቹ ሁሉ ዴስክ ሥር ገቡ። እኔ እስክገባ አልጠበቁም፤ እኔም እነሱ እስኪገቡ አልጠበቅኩም፣ እውነቱን ለመጻፍ። አፈር አፈር እየሸተተን ጥቂት ቆየን። ከውጭ ሰው ሲሳደብ ተሰማ፤ የጭነት መኪና ጎማ ነው የፈነዳው።

ማንም ግን አልወጣም። ያን ጊዜ ከዴስክ ሥር የፍሬሕይወት ድምፅ፦ «ቲቸር፣ አሁን ብንቆጥረውስ?»

ምኑን ልጄ?

«ልባችንን። ትናንት ቁጭ ብለን ቆጥረነዋል። አሁን ፈርተናል።»

እዚያው ሆነን የእጃችንን አንጓ ይዘን ቆጠርን። አንዱ ይሥቃል፣ አንዱ ይሳሳትና እንደገና ይጀምራል። ወጥተን ሰሌዳ ላይ ስንጽፈው የሁሉም ከትናንቱ በልጧል። ለምን እንደሆነ ከፊልሙ እነሱው ነገሩኝ። የኔን ቁጥር ሲጠይቁኝ ቀንሼ ነገርኳቸው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስመጣ ሳጥኗን የያዝኩበትን ቦርሳ እንደ ሕፃን አቅፌ ነበር። ትምህርት ቤት አላሳድራትም፤ ሌባ እፈራለሁ።

ደስታው እስከ ማታ አልቆየልኝም።

አባባ ከማኅበር ገቡ። ወሬው እዚያም ደርሷል። አባባ መርጡለ ማርያም ቅኔ የቆጠሩ ናቸው፤ አንድ ቃል ካገኙ ሳያገላብጡ አይተዉም። ገና ሳይቀመጡ እየሣቁ፣ «በፈረንጅ ፊደል ነው አሉ የተጻፈው» አሉኝ። «ፈረንጅ ደግሞ ግዕዝና ሳድስ የት ያውቃል? ተ ይሁን ት በምን ይለያል? ትኩስ ሊሆንም ይችላል አልኳቸው። ሰሙ ትኩስ፣ ወርቁ ተኩስ! ሰዉ ምነው እንዲህ ፈጠነ ለመፍራት?»

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። እጄ ቆመ።

ኑረዲን ያን ዕለት ሳጥኗን እየነካካ፣ «ስሟን ማን ልበላት?» ብሎኝ ነበር። «ትኩስ በላት። ትኩስ ትምህርት» አልኩት። ደረቅ ትምህርት ሰልችቶኝ ስለነበር። ትምህርት የሚለውን ትቶት መሆን አለበት፤ እሱ ሲጽፍ ቸኩሎ ነው። አላየሁትም።

ጓዳ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ዋይፋይ የሚለውን ነካሁ። ቲ፣ ኬ፣ ዩ፣ ኤስ። አንደኛ ላይ፣ ምልክቱ ሙሉ ነው። ቦርሳው እግሬ ሥር ነበር።

ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለኔው ሳጥን ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ ይኼ ነው።

ረቡዕ

አልተኛሁም ማለት ይቻላል።

ማጥፊያዋ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ተጭና ቀርታለች፣ አትመለስም። ግድ አልሰጠኝም ነበር፣ ክፍል ስገባ ዝግጁ ሆና ስለምትጠብቀኝ። ይመጣል ይጠፋል የሚሉት እኔው ነኝ፣ ስመጣና ስሄድ። ገበያ ሄጃለሁ። ወፍጮ ቤት ሄጃለሁ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ «ተኩስ» ታየ ብለው ሴቶቹ ሲያማትቡ እኔም አብሬ አማትቤአለሁ። በስንቱ ልሣቅ፣ በስንቱ ላልቅስ?

ባትሪዋ እስኪያልቅ ልተዋት? ኑረዲን አጥብቆ አስጠንቅቆኛል፤ ባዶ ከሆነች የተጫነባት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ስሟን ልቀይር? የይለፍ ቃሉ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ስልክ ደወልኩ፣ አይገባም። የሞጣ መስመር ዛሬም የለም።

ብረት ካቢኔት ውስጥ አታስቀምጫት፣ ብረት ድምጿን ያፍነዋል ያለኝ ትዝ አለኝ። የእህል በርሜላችን ባዶ ነው። ከተትኳት። ከደንኩ፣ ከስልኬ ላይ ጠፋ። ከፈትኩ፣ መጣ። ከደንኩ። በርሜሉ ላይ ደግሞ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ የአባባን ጃንጥላ ደረብኩበት። ጃንጥላው ምን እንደሚሠራ አላውቅም።

ክፍል ውስጥ «ሳጥኗስ?» አሉኝ። ታማለች አልኳቸው። በጠመኔ ልብ ሣልኩ። ድንች መሰለ። ሁለት ልጆች ተኙ። ፍሬሕይወት አልመጣችም፤ ሌሎችም አልመጡም። እናቶች ልጆቻቸውን እየያዙ ነው፣ ስሙ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ይበረታል ተብሎ።

ከሰዓት አቶ ይበልጣል ሰበሰቡን። የሚጠይቁ ሰዎች መጥተው ነበር አሉ። እነማን እንደሆኑ አልነገሩንም፤ እኔም እዚህ አልገምትም። «ከእኛ ግቢ ነው የሚወጣው ይላሉ። ከመካከላችሁ የሚያውቅ ካለ አሁን ይናገር። ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ የልጆች አባት ነኝ።» እያንዳንዳችንን አዩን። እኔ ጋ ሲደርሱ ሳል መጣብኝ። እስኪያልፉኝ ድረስ ሳልኩ።

ምን እንደሚጠይቁኝ በልቤ እሰማዋለሁ። ማን ሰጠሽ? ለማን ነው ምልክት የምትሰጪው? ፊደል ነው ብል፣ ት ነው እንጂ ተ አይደለም ብል፣ የሚሰማኝ ማነው? ሳጥኗን ይወስዷታል። ምናልባት እኔንም። ምናልባት ኑረዲንንም።

ሐሙስ

ተተኮሰ። ጧት ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ትንሽ ቆይቶ ቆመ። ክፍል ውስጥ ጥቂት ልጆች ነበሩ። ዴስክ ሥር ገባን። ልባችንን እንቁጠር ያለ አልነበረም።

ሳጥኗ ግን በርሜል ውስጥ ነበረች! ስሙ በማንም ስልክ ላይ አልታየም። በእረፍት ሰዓት ይኼን እየጠበቅኩ ስታፍ ገባሁ። አሁን ይገባቸዋል፣ ዝምድና እንደሌለው ያዩታል ብዬ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ የጨመሩበት መላ ግን ሌላ ሆነ። «ዛሬ ሆን ብሎ ተደበቀ» አሉ። «እንዳንጠነቀቅ።» ቢታይ ምልክት ነው፣ ባይታይ ተንኮል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በምን ይረቱታል?

ስወጣ እትዬ ታንጉት በር ላይ ቆመው ነበር፤ የፍሬሕይወት እናት። ጨው ይነግዳሉ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። የልጃቸውን መልቀቂያ ሊጠይቁ መጥተው ነው።

«ሞጣ ልወስዳት ነው፣ መምህርት። እህቴ ዘንድ። ቅዳሜ።»

እዚያ ትማራለች ወይ ስላቸው፣ «እህቴ ሱቅ አላት፤ ሱቅ ትጠብቃለች» አሉ። ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ ለሚቀጥለው ክፍል ፈተና አለባት፣ ከክፍሉ አንደኛ ናት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርስዎ ልጄን እንደሚወዷት አውቃለሁ። ግን ያ ስም በዚህ አጥር ላይ እያንዣበበ እኔ ልጄን አልሰድም። ነፍሷ ትቅደም። ጧት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ስልኬን ሆኗል።»

«እሺ» አልኩ። «እሺ» ነው ያልኩት።

የልጅቱ ትምህርት በኔ አንድ ቃል ሊቀር ነው። ሌላ ማንም አላደረገውም።

ዓርብ

ለአባባ ነገርኳቸው። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ ሣቁ። ሣቃቸው መሃል ላይ ቆመ። «እኔ ደግሞ ትኩስ ነው ብዬ ለማኅበርተኛው ሁሉ ያስረዳሁ!» አሉ። «ስመኝ ልጄ፣ በገዛ እጄ ልሰጥሽ ነበር እኮ።» ከዚያ ወዲያ ቀልድ አልወጣቸውም። በሩን ዘጉት። አባባ በር ዘግተው አያውቁም።

ነገ ሞጣ ልሄድ ነው። ኑረዲን ስሟን ይቀይራታል፣ ማጥፊያዋን ይሠራታል። እነእትዬ ታንጉት በሚሄዱበት ሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ሌላ አይኖርም። ኬላ አለ። ምን ያህል ኬላ እንዳለ ማንም በእርግጠኝነት አይነግርህም፣ ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል፣ የሌለውም ይኖራል።

በርሜል ይዤ አልሄድም። የእናቴን ብረት ድስት አወጣሁ፣ ክዳኑ ግጥም ይላል። ሳጥኗን በፎጣ ጠቅልዬ ከተትኳት፣ ክዳኑን በነጠላ አሠርኩት። ለዘመድ ስንቅ የያዘች ሴት እመስላለሁ። አባባ ቆመው አዩኝና፣ «ቢጠይቁሽስ?» አሉ። እናገራለሁ አልኳቸው። «መዋሸት አትችዪም። በልጅነትሽም ያስልሽ ነበር» አሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ይኼን ተረት ማን እንዳወጣው ባውቅ እጣላው ነበር።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

ሞጣ ነኝ። አክስቴ ቤት። ጽሑፌን ሳየው የሌላ ሰው ይመስላል።

ከኋላ ወንበር ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። እትዬ ታንጉት መሃል፣ ፍሬሕይወት በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ድስቴን ጭኔ ላይ ይዤ በዚህ በኩል። ልጅቱ ከሰላምታ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሻንጣ የላትም፣ ልብሷ በፌስታል ነው። እትዬ ታንጉት ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው በየቦታው ያያሉ። ደብረ ወርቅ፣ ምንም። ጉንደ ወይን፣ ምንም። «እዚህ ንጹሕ ነው» ይላሉ፣ እንደ አየር ጠባይ።

ከጉንደ ወይን ወዲያ መንገዱ ተበላሸ። ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ሁላችንም ጣራ ነካን። የነጠላው ቋጠሮ ላላ። ክዳኑ ወደ አንድ ጎን ዞረ። አላየሁትም።

እትዬ ታንጉት ስልካቸውን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ስልኩን ለልጃቸው ሰጡ። «አንብቢው። እሱ ነው?»

ፍሬሕይወት አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ድስቱን አየች። ከዚያ እኔን። ያን ጊዜ ገባት። ይኼ ልጅ ነው እንግዲህ ሱቅ ጠብቂ የተባለው።

«ትኩስ ነው የሚለው፣ እማዬ» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ትኩስ?»

ከፊት ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ኬላ ነበር። ረዳቱ «መታወቂያ አዘጋጁ» አለ። ሌላ ጊዜ አልነበረኝም። በእትዬ ታንጉት ጆሮ፣ የኔ ነው፣ ድስቱ ውስጥ ነው፣ የትምህርት ሳጥን ናት፣ ልብ ያዩባት፣ ስሟ ትኩስ ነው እንጂ ተኩስ አይደለም አልኳቸው። ሁሉን በአንድ ትንፋሽ። ሳል መጣብኝ።

አዩኝ። እንደዚያ ያለ ዓይን ከሰው ላይ አላየሁም። ሊያጋልጡኝ ነው አልኩ። ቢያጋልጡኝም አልፈርድባቸውም ነበር።

ድስቱን ከጭኔ ላይ ነጠቁኝ። ክዳኑን መለሱ፣ ነጠላውን በጥርሳቸው ጭምር አጥብቀው ቋጠሩት፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

በሩ ተከፈተ። መሣሪያ የያዘ ወጣት መታወቂያ እያየ እስከ እኛ ደረሰ። እሱም የደከመው ይመስላል። የኔን አየ፣ መለሰልኝ። ድስቱን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ገንፎ ነው፣ ልጄ። እህቴ አራስ ናት።» እጁን ሲዘረጋ ድስቱን ወደ እሱ አስጠጉለት። «ትኩስ ነው፣ እንዳይፈጅህ።»

እጁን አሳረፈበት። ወዲያው መለሰው። ለካ ሳጥኗ ታፍና መንገዱን ሁሉ ስትግል ነው የቆየችው፤ ድስቱ እንደ እሳት ነበር። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለ። ወረደ።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። የድስቱ ክዳን መንቀጫቀጭ ጀመረ። መንገዱ መስሎኝ ነበር፤ የእትዬ ታንጉት ጉልበት ነው።

ቀራንዮን አልፈን እስከ ሞጣ አልተናገሩኝም። ልጅቱ በመስኮት ታያለች። መናኸሪያው ስንደርስ ድስቱን እጄ ላይ አኖሩትና፣ «ስለ ልጄ ነው እንጂ ስላንቺ አይደለም» አሉኝ። አንቺ ነው ያሉኝ። «ስንት ጧት ነው በባዶ ሆዴ ስልክ ሳይ ያሳለፍኩት? ስንት ጧት?» እህታቸው ሊቀበሏቸው መጥተዋል። አራስ የተባሉት ሴትዮ ሃምሳን ያለፉ ናቸው።

ኑረዲን ወሬውን ስነግረው ሣቀ። እንደ አባባ መሃል ላይ አቆመ። የሱቁን በር አየና ድምፁን ቀነሰ። «ወላሂ፣ ስም ስጽፍ ቸኩዬ ነው። ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር።»

አዲስ ስም ፍለጋ ተቀመጥን። ልብ በላት አልኩት። ጻፈው፤ ኤል፣ ቢ። አየነው። «ሌባ ብለው ቢያነቡትስ?» አለ። ሰላም በላት አልኩት። ኤስ፣ ኤል፣ ኤም። ረጅም ጊዜ አየው። «ከኔ ሱቅ የወጣ ሰላም እስላም ተብሎ ይነበባል፣ ስመኝ። ተይው።» የማይገለበጥ ቃል አጣን። አባባ ቢኖሩ ይደሰቱ ነበር፤ እኔ ግን የገዛ ቋንቋዬ አስፈራኝ።

በመጨረሻ ስሟን ደበቀው። እንዲህ ማድረግ ይቻላል ለካ። ትሠራለች፣ ታብሌቶቹ ያውቋታል፣ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ግን አትታይም። ማጥፊያዋንም ሠራት። ተጫንኩ፣ ጠፋች። ተጫንኩ፣ በራች። ከማንኛውም ፊልም በላይ ደስ አለኝ።

ስወጣ፣ «ከጠየቁሽ እኔን አታንሺ» አለኝ። ከዚያ አፈረ መሰለኝ፣ ተከተለኝና፣ «አይ፣ አንሺኝ። ምን ይደረጋል» አለ።

እሑድ

መናኸሪያ ስደርስ ፍሬሕይወት ከነፌስታሏ ቆማለች። እናቷ ከጎኗ። እህትየው የሉም።

እንዴት አደሩ አልኳቸው። «ስትለፈልፍብኝ ነው ያደረችው» አሉኝ። «ልብ እንዲህ ይከፈታል፣ እንዲህ ይዘጋል፣ ቲቸር የሠራችው ለእኛ ነው እያለች። ያ ስም እንደሆነ ካንቺ ነው፤ ካንቺ ከሆነ ደግሞ አንቺ አጥፊው።» አጠፋሁት አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው አዩ። ሳጥኗን በፊታቸው አበራሁ። ደግመው አዩ። ምንም።

«እንሂድ» አሉ።

በመመለሻው ኬላው አልነበረም። ድንጋዮቹ ብቻ መንገዱ ዳር ቀርተዋል። ይኼም አስፈራኝ። ምን እንደማያስፈራኝ እንጃ።

ሰኞ

ጧት መጀመሪያ አቶ ይበልጣል ቢሮ ገባሁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ፣ መስኮቱን ዘጉ። በመጨረሻ፣ «መምህርት ስመኝ፣ ምንም አልነገርሽኝም» አሉ። እሺ ስል፣ «ሳጥኗን ግን ታስተምሪባታለሽ?» አሉ። አስተምርባታለሁ አልኩ። «እሱንም አልሰማሁም። ጎበዝ።»

ስወጣ ግቢው ሞልቶ አገኘሁት።

ሁሉም መጥተዋል። የቀሩት፣ የተያዙት፣ ገጠር ዘመድ ቤት የተላኩት ሁሉ። እናቶች እስከ በሩ አድርሰው ቆመው ያወራሉ፣ ይሣቃሉ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ገብቷል። ተኩስ ጠፋ። ቅዳሜም አልታየ፣ እሑድም አልታየ። ሐሙስ ዕለት ባይታይም መተኮሱን አንድም የሚያስታውስ የለም። ሰላም ሊሆን ነው፤ ልጆቹን ስደዱ።

ስሙ ሲኖር ምንም አልነበረም። ሲጠፋም ምንም አይደለም። ማዶ ያለው እንዳለ ነው። ይኼን የማውቀው እኔና ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ነን፤ እነሱ ግን በኔ ማጥፊያ ተማምነው ልጆቻቸውን አምጥተዋል።

እትዬ ታንጉት ከሌሎቹ ሴቶች ትንሽ ራቅ ብለው ነበር። ጠጋ አሉኝ። «ሁሉም ደስ ብሏቸዋል» አሉ።

አዎ አልኩ።

«እንግዲህ ቢመጣ በምን እናውቃለን?»

በስሙም አናውቅም ነበር ልላቸው ፈለግኩ፤ እሳቸውም ያውቁታል። ትከሻዬን ያዙ፣ ለቀቁኝ፣ ወደ ጨዋቸው ሄዱ። ልጅቱ ግን ክፍል ገብታለች።

ክፍል ገብቼ እውነቱን ነገርኳቸው፣ የምችለውን ያህል። ስልክ ላይ የሚታይ ወይም የማይታይ ነገር ደህና ነን ወይም አይደለንም አይልም አልኳቸው። ለእናቶቻችሁም እንዲህ ብላችሁ ንገሩ። ስለዚህ ከፊልሙ በፊት አንድ ነገር እንለማመዳለን። ድው ሲል የሚገባበትን። ከመስኮት መራቅ፣ ጭንቅላት መሸፈን፣ ትንሹን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት፣ ቲቸርን አለመጠበቅ። መጨረሻውን ስል ሣቁብኝ። የማክሰኞውን አይተዋል ለካ።

ተለማመድነው። መጀመሪያ ተጋፉ። ሁለተኛ ጊዜ ተሻለ። ሦስተኛ ጊዜ እኔም አብሬ ገባሁ፣ ሳጥኗን ይዤ። ፍሬሕይወት አጠገቤ ነበረች፤ ሳትጠይቀኝ አንጓዬን ያዘችና በከንፈሯ መቁጠር ጀመረች። «ቲቸር፣ ያን ቀን ዋሽተውናል» አለችኝ።

ዋሽቻለሁ አልኳት።

ማጥፊያዋን ተጫንኩ። በራች። ታብሌቶቹን ከላይ እየሳቡ ወደ ታች አወረዷቸው፣ ሦስት ሦስት ሆነው። የሳንባው ፊልም ጀመረ። አየር ሲገባ፣ ሲያብጥ፣ ሲወጣ። አብረው ይተነፍሱ ጀመር። ልምምዱ እንዳለቀ ያውቃሉ፤ አንድም ልጅ ግን ወጥቶ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ዴስክ ሥር እንደተኮለኮሉ፣ ፊታቸው ላይ ብርሃኑ እየበራ፣ እስከ ደወሉ ድረስ አዩት።

ተነሡ አላልኳቸውም።